ጥሬ ጎመን ያስበላኝ ወፍ

በእኛ ጊዜ ሰው ቤት ውስጥ ወፍ አያሳድግም ነበር፤ ዶሮ ካልሆነ በቀር። እኔ ግን አሳድጌያለሁ፣ እና እሱን ነው የምነግራችሁ። ዓመቱን ግን አትያዙኝ። ደርግ ነው፣ ሰዓት እላፊ አለ፣ እሁድ እሁድ የቀበሌ ስብሰባ አለ፣ ያ ያ እርግጥ ነው። የትኛው ዓመት እንደሆነ ግን ይምታታብኛል። እናቴ በሕይወት ብትኖር "ተሳስተሃል" ትለኝ ነበር፣ ምናልባትም እውነቷን ነው። የትኛው ከየትኛው እንደቀደመም አንዳንዱን ልሳሳት እችላለሁ። ታዲያ የማስታውሰውን ያህል ነው የምነግራችሁ፣ ያላየሁትን አልጨምርም።

ቤታችን ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ብዙ አይርቅም ነበር። አውሮፕላን ሲነሳ ብርጭቆው መደርደሪያ ላይ ይንጫጫል። የምንኖረው እኔና እናቴ ብቻ ነን። እኔ ያኔ ወጣት ነኝ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ንድፍ እስላለሁ፤ መስመር አሰምራለሁ፣ ካሰመርኩ በኋላ ደግሞ ትክክል መሆኑን ስለማላምን እንደገና እለካለሁ፣ ከዚያም እንደገና። እናቴ ምን ትለኝ ነበር መሰላችሁ? "አንተ ልጅ፣ ሚስት ስታገባም በማስመሪያ ሳትለካት አትቀርም!"

ታዲያ ከእኛ ጥቂት አጥር አልፎ እትዬ ጽጌ የሚባሉ የእናቴ ወዳጅ ነበሩ። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው ክፍለ ሀገር ተመድበው ሄደዋል፤ ብቻቸውን ናቸው። ብቻቸውን ስል ግን ከወፉ ጋር ነው። ጎረቤታቸው የነበሩ ፈረንጆች አብዮቱ ሲመጣ ተጣድፈው ካገር ሲወጡ ወፋቸውን ትተውላቸው ሄዱ። የበቀቀን ዘመድ ነው፤ ኮካቲል ይሉታል። ቁመቱ ከእርግብ ያንሳል፣ ገላው አመድማ ነው፣ ፊቱ ቢጫ፣ ጉንጩ ላይ ደግሞ ብርቱካን የመሰለ ክብ አለበት። አናቱ ላይ እንደ ሕፃን ልጅ ቁንጮ ቀጥ ብላ የቆመች ላባ አለችው። እና እትዬ ጽጌ ስሙን ቁንጮ አሉት።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በራቸው ላይ ቆመው ጠሩኝ።

"ዘውዱ! ናማ ልጄ፣ ና እስቲ።"

ሄድኩ። እየሳሉ ነው። እትዬ ጽጌ ሲስሉ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሁለት አጭር አጭር፣ ከዚያ አንድ ረጅም፣ ከዚያ "እህህ!" ብለው ይጨርሱታል።

"ዛሬ ሐኪም ቤት ሄጄ ሐኪሙ ምን አለኝ መሰለህ? 'ቤትዎ ወፍ አለ?' አለኝ። 'አለ' አልኩት። 'ያውጡት' አለኝ! እንዲሁ በአንድ ቃል። ከላባው የሚረግፈው ነጭ ብናኝ ነው አሉ ደረቴን የሚያፍነኝ። እኔ ጠረጴዛውን በወለወልኩ ቁጥር የመንገድ አቧራ ነው እያልኩ መንገዱን ስረግም ኖሬ!"

"ታዲያ እትዬ፣ ሐኪም ካለ..."

"አንተ ውሰደው።"

"እኔ? እኔ እኮ ስለ ወፍ ምንም አላውቅም፣ እትዬ።"

"ለዚህ ነዋ የመረጥኩህ። አላውቅም የሚል ሰው ይጠይቃል። አውቃለሁ ለሚል ሰው ብሰጠው ባንድ ሳምንት ይገድልብኛል።" ከዚያ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። "አንድ ነገር ግን አደራ። ከሞተብህ እንዳትነግረኝ። እኔ እንድተነፍስ ብዬ እሱን ካስገደልኩ፣ ያንን ትንፋሽ ምን አደርገዋለሁ?"

አያችሁ? ይህን ተናግረው ሰጡኝ። እና እኔ ወፍ ብቻ አይደለም ይዤ የወጣሁት፤ የእትዬ ጽጌን ነገር ሁሉ ይዤ ነው የወጣሁት።

እቤት ገብቼ ነጠላውን ከላዩ ላይ ስገልጠው እናቴ "ወየው!" አለች። የሽቦ ቤቱ ሁልጊዜ በነጠላ እንደተሸፈነ ነው የኖረው። ለምን? ዓይን እንዳይበላው! ቆንጆ ነዋ፣ ባለ ክፉ ዓይን ቢያየውስ? ታዲያ ዓይን አልበላውም፣ ራሱን ነው የበላው። ደረቱ ተነጭቷል፤ ራሱ በምንቃሩ ነጭቶ ነጭቶ ቆዳው እንደታጠበ ዶሮ ወጥቷል። ምንቃሩ ረዝሞ ቆልመም ብሏል። የሚቆምበት እንጨት የመጥረጊያ እጀታ ነው፣ ልሙጥ። ክንፉን ቢዘረጋ ሁለቱም ጫፍ ሽቦውን ይነካል። ምግቡ ደግሞ ሱፍ ነው፤ ጧት ሱፍ፣ ማታ ሱፍ፣ ለአመል ያህል ሻይ ውስጥ የተነከረ ዳቦ በስኳር። ድምፅ የለውም። ጥግ ይዞ ያያችኋል።

እትዬ ጽጌ ክፉ ሆነው አይደለም፣ ይህን ልብ በሉልኝ። በፍቅር ነው። የምንወደውን እንሸፍናለን፣ የምንወደውን እናጎርሳለን፣ የምንወደውን ከንፋስ እንከልላለን። ያንን ወፍ ያሳመመው ይኸው ነው።

ግርማ የሚባል የትምህርት ቤት ጓደኛ ነበረኝ፣ የከብት ሐኪም ነው። ና እስቲ ብዬ አመጣሁት።

"ዘውዱ፣ በሬ ቢሆን ዓይኔን ጨፍኜ አክምልህ ነበር" አለኝ። "እኔ ወፍ ሲባል እጄ የገባው ዶሮ ነው፣ እሱም በወጥ።"

"ግርሜ፣ አትቀልድ፣ እየው እስቲ።"

ያዘው። በአውራ ጣቱ ደረቱን ዳበሰ፣ ላባ ያለበትንም የሌለበትንም። ከዚያ ፊቱ ቀልዱን ተወ።

"ወፍራም ነው። ይኸው፣ ከቆዳው ሥር ያለው ሁሉ ስብ ነው። ሱፍ ማለት እኮ ዘይት ነው! ሰዉ ዘይት ለማግኘት ቀበሌ ሱቅ ተሰልፎ ይውላል፣ ይሄ ጌታ ብቻውን ይጨልጠዋል!" አለና መልሶ አስገባው። "ስማ፣ ቅጠል ይብላ። ጎመን፣ ካሮት፣ ጥሬውን። ሽንኩርት የነካው እንዳታቀምሰው። ፀሐይ ይሙቅ፣ ንጹሕ አየር ያግኝ፣ ገላውን ይታጠብ፣ ሰፊ ቤት ሥራለት፣ ከከሰል ጭስ አርቀው። ግን ቀስ እያልክ ነው፣ እሺ? ሱፉን ባንድ ጊዜ ብትከለክለው ይሞትብሃል። ምግብ መሆኑን የማያውቀውን ነገር ተርቦም አይበላም።"

ፀሐይ፣ አየር፣ ገላ መታጠብ። ቀላል ይመስላል አይደል? እናቴን አታውቋትማ!

በማግስቱ መስኮቱን ከፈትኩ። እናቴ ከጓዳ ብቅ አለች።

"ምነው መስኮቱ?"

"ለቁንጮ አየር..."

"ብርድ ሊመታው ነው! ደረቱ ራቁቱን ሆኖ? ዝጋው!"

"እማዬ፣ ግርማ ነው ያለው።"

"ግርማ ስለ ላም ያውራ።"

ዘጋችው። ከዚያ እኔ ወፉን ይዤ በረንዳ ወጣሁና ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩት። እሷ እግር በእግር ተከትላኝ ወጣች።

"አሁን ደግሞ ምን እያደረግክ ነው?"

"ፀሐይ ይሙቅ ብዬ ነው።"

"በልቷል?"

"አዎ፣ አሁን በላ።"

"በልቶ ፀሐይ? ምች ሊመታው ነው! በልቶ ፀሐይ ላይ የወጣ ምች እንደሚመታው አንተ አታውቅም?"

"እማዬ፣ ወፍ እኮ ነው! ወፍ ሁሉ በልቶ ፀሐይ ላይ ነው የሚውለው!"

"የዱሩ ለምዶታል። ይሄ የቤት ልጅ ነው።"

እና ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ? እኔ አወጣለሁ፣ እሷ ታስገባለች። እኔ እከፍታለሁ፣ እሷ ትዘጋለች። ከሥራ ስመለስ ነጠላው ላዩ ላይ ነው፣ ዳማከሴ ደግሞ ሽቦው ላይ ተሰክቷል። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ! ሰው ሻይ እየጠጣ ወፉ ሲያየው አይችልም። "ዓይኑ እያየኝ እንዴት ብቻዬን እጠጣለሁ?" ይላል፣ ዳቦውን በስኳር ነክሮ ይሰጠዋል። ተው ስል ስስታም ሆንኩ።

ጎመኑንስ? ጎመኑን አልነካውም! ቅጠሉን ሽቦው ላይ ሰካሁለት፣ ሸሸው። ቆረጥኩለት፣ ረገጠው። ካሮት ፈቀፈቅኩ፣ ሱፉን ከሥሩ ፈልቅቆ ካሮቱን ወዲያ በተነው። እኔ ደግሞ እንደ ግርማ ቃል ሱፉን ጥቂት በጥቂት እቀንሳለሁ።

ከዚያ እሸት ቢሆንስ ብዬ አሰብኩ። ወቅቱ መስቀል አልፎ እህሉ እሸት የያዘበት ነው። ታዲያ አንድ ቅዳሜ በእግሬ ወደ ቡልቡላ ወረድኩ። ያኔ ቡልቡላ እርሻ ነው፣ ስንዴና ጤፍ፤ አሁን ያለውን ፎቅ አታስቡት። አንድ ሸምገል ያሉ የኦሮሞ ገበሬ ማሳቸው ዳር ቆመዋል፤ ማሳው መሃል የእንጨት ማማ አለ፣ እሱ ላይ ልጆቻቸው ወንጭፍ ይዘው "ሃይ! ሃይ!" ይላሉ።

"እንደምን ዋሉ አባቴ። ትንሽ የስንዴ እሸት ይሸጡልኛል?"

"እሸት ምን ያደርግልሃል? ለልጅ ነው?"

እኔ ደግሞ መዋሸት አልችልም። "ለወፍ ነው" አልኳቸው።

አዩኝ። ማማውን አዩት። እንደገና አዩኝ።

"ለወፍ?"

"አዎ አባቴ።"

"ኢጆሌ!" ብለው ወደ ልጆቹ ጮሁ። "ውረዱ፣ ውረዱ! ከከተማ ሰው መጥቷል፣ ለወፍ እሸት በገንዘብ ይገዛል! እኛ ምን አደከመን ታዲያ? ኑ ወፎች፣ ብሉ፣ ይሄ ሰውዬ ይከፍላል በሉ!"

ልጆቹ ማማው ላይ እየተንፈራፈሩ ሳቁ። እኔ ላብ በላብ ሆንኩ። ሽማግሌው ግን ሳቃቸውን ጨርሰው አንድ እቅፍ እሸት አጭደው ሰጡኝ፣ ገንዘቤንም አልተቀበሉኝም። "ሂድ" አሉኝ። "ይሄን ነገር ዛሬ ማታ ለሚስቴ ስነግራት የምትስቀው ሳቅ ይበቃኛል።"

ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። እሸቱን ሽቦው ውስጥ አስገባሁት። ቁንጮ ምን ያደረገ ይመስላችኋል? በፍርሃት ቁንጮውን አጋድሞ ጥግ ላይ ተለጠፈ! ጎመኑን ንቆት ነበር፣ እሸቱን ፈራው።

እነዚያ ቀናት ክፉ ነበሩ። ጧት ጧት ደረቱን እዳብሰዋለሁ፤ ስቡ ጠፍቶ አጥንቱ እንደ ቢላ ጀርባ ብቅ አለ። ዓይኑን ጨፈን ጨፈን ያደርጋል። ልክ ነኝ ወይስ ተሳስቻለሁ? ፈራሁ። ሱፉን መልሼ ሞላሁለት፣ እሱንም ትንሽ ቀማምሶ ተወው። እናቴ "ለጽጌ መልስላት" አለችኝ። "እማዬ፣ እንዴት ብዬ? ብመልስ እሳቸውን ነው የማሳምመው።" እትዬ ጽጌ ደግሞ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ስለ ቁንጮ አይጠይቁም። ስለ አየሩ ይጠይቁኛል፣ ስለ ሥራ ይጠይቁኛል፣ ፊቴን ግን ያነቡታል። እኔ መንገድ መቀየር ጀመርኩ።

ታዲያ አንድ ዓርብ ምሳ ላይ፣ እኔና እናቴ ትሪያችንን ዝቅ ያለችው ጠረጴዛ ላይ አድርገን እየበላን ነው። የጾም ነው፣ ጎመንና ሽሮ። የቁንጮን ቤት ስጠርግ በሩን ሳልዘጋው ረስቼ ኖሯል። አንድ ነገር ወለሉ ላይ ጠቅ ጠቅ ሲል ሰማን። ዞር ብል ቁንጮ ነው! በእግሩ እየተራመደ! ወፍ ሆኖ እንደ ሰው ወለሉን አቋርጦ መጣ፣ ሱሪዬን ነክሶ ወደ ጉልበቴ ወጣ፣ ከዚያ ቆሞ እጃችንን ማየት ጀመረ። የእናቴ እጅ ከትሪው ወደ አፏ፣ የእኔ እጅ ከትሪው ወደ አፌ። ዓይኑ አብሮ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ከዚያ ቁንጮውን ቀጥ አድርጎ ከትሪው ጠርዝ ባዶ እንጀራ ቆንጠር አደረገ። በላ!

እናቴ እጇ አየር ላይ ቀረ። "ማዕድ ቀረበ" አለች በሹክሹክታ።

እኔ ወጥ የነካውን እንዳያገኝ ትሪውን ራቅ አደረግኩና ማሰብ ጀመርኩ። ይህ ወፍ ለብቻው የተሰጠውን ሁሉ ተጠራጥሯል። እኛ ስንበላ ያየውን ግን አመነ። እና ሰው ብቻውን አይበላም እያልን የምንኖር ሰዎች፣ ይህን ወፍ ብቻውን ብላ እያልን ስናስጨንቀው ነው የከረምነው! እነዚህ ወፎች በሀገራቸው በመንጋ ሆነው መሬት ላይ እየለቀሙ እንደሚበሉ ያኔ አላውቅም ነበር፣ ኋላ ነው የተረዳሁት።

በማግስቱ ጥሬ ጎመን አጠብኩ፣ ትሪ ላይ አደረግኩ፣ ቁንጮን አውጥቼ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩና ጎመኑን መብላት ጀመርኩ። እናቴ ገባች።

"ዘውዱ።"

"እመት።"

"ምንድን ነው የምትበላው?"

"ጎመን።"

"ያልበሰለ?"

"አዎ።"

ትኩሳት እንዳለኝ ለማየት ግንባሬን በእጇ ነካችኝ። "በስመ አብ! ቀበሌ ስብሰባ ላይ ምን አሉህ? ማን ምን አለህ ልጄ?"

"እማዬ፣ ደህና ነኝ፣ ለወፉ ነው፣ እያየኝ ነው። እባክሽ አንቺም ብዪ።"

"እኔ? ጥሬ ጎመን? እኔ ፍየል ነኝ?"

ልክ በዚህ ጊዜ ጎረቤታችን እትዬ ከድጃ ሰሃን ልትመልስ ገባች። እኔን አየች፣ ጎመኑን አየች፣ እናቴን አየች። "ምነው፣ ከሰል ጠፋ እንዴ? ኧረ እኔ ጋ አለ፣ ልላክላችሁ!"

እናቴ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ምን እንደነካት እንጃ፣ ቁጭ አለችና ቅጠሉን ጠቅልላ አንድ ወፍራም ጉርሻ ሠራች፣ "በል እንካ" ብላ አጎረሰችኝ። እንደ ሠርግ! ቅጠሉ ግማሹ ከአፌ ውጭ ተንጠልጥሏል። ቁንጮ ከጉልበቴ ወደ ደረቴ ተንጠላጥሎ ወጣ፣ በምንቃሩ ያንን ቅጠል ከአፌ ነጥቆኝ ወረደ። ነጠቀኝ! ትሪው ላይ አድርጎ በእግሩ ረግጦ ቦጫጨቀው፣ በላው። እትዬ ከድጃ እልልታዋን ለቀቀችው፣ እናቴ ተቀበለቻት፣ ጎረቤት "ማን ወለደ?" እያለ ከአጥር ማዶ ይጣራል።

ከዚያ ወዲያማ ማን ይቻለው! እሸቱን ትሪ ላይ አደረግን፣ እናቴ በመዳፏ እየፈተገች እሷም ትቅማለች እሱም ይቅማል። ካሮት በላ። እኔም በላሁ፤ ያን ዓመት የበላሁት ጥሬ ካሮት ዓይኔን እስከ ዛሬ ሳያጠናው አልቀረም። ለእንግዳ ደግሞ እናቴ ራሷ ዘብ ሆነች። አንዱ ዳቦ ሲነክር ካየች "ተው! ስኳር አይነካም! የሚወዱት ከሆነ ጎመን አብረውት ይብሉ!" ትላለች። ከዚያ በኋላ ስኳር የሰጠው የለም፤ ሻያቸውን ቶሎ ጠጥተው ይሄዳሉ።

መታጠቡን ደግሞ ራሱ ነው የጀመረው። ውሃው ያልተራገፈ የጎመን ቅጠል ላይ ወጥቶ ደረቱን ያሻል፣ ክንፉን ያራግፋል፣ ይንከባለላል። እናቴ "ረጠበ! ረጠበ!" እያለች ዳማከሴ ፍለጋ ሮጠች። ስትመለስ መስኮቱ ጋ ፀሐይ ላይ ክንፉን ዘርግቶ ዓይኑን ጨፍኖ አገኘችው። ቆማ አየችው፣ ረጅም ጊዜ። ከዚያ ዳማከሴውን መሶቡ ላይ አስቀመጠችና መስኮቱን ራሷ ወለል አድርጋ ከፈተችው። "እንግዲህ ምቹ እሱን ይፍራው" አለች።

እኔም ከዶሮ ሽቦ ሰፊ ቤት ሠራሁለት። መቼም ታውቁኛላችሁ፣ ንድፉን መጀመሪያ በወረቀት ነው የሠራሁት። የሽቦው ቅብ ሲነክሰው እንዳይመርዘው በሎሚ ፈተግኩት፣ የመጥረጊያውን እጀታ ጣልኩና አጥራችን ጥግ ካለው ባህር ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጬ ከነልጡ አስገባሁ። አቤት ደስታው! ልጡን ይልጣል፣ ቅጠሉን ያሸታል፣ ምንቃሩን ይስልበታል፤ የረዘመው ምንቃሩ በዚያው አጠረ። ባህር ዛፍም እሱም ከአንድ አገር፣ ከአውስትራሊያ የመጡ መሆናቸውን የሰማሁት ስንት ዓመት ቆይቶ ነው።

ሁዳዴ ሲገባ ደረቱ ላይ እንደ እሾህ ያሉ ነገሮች ብቅ ብቅ አሉ። ደንግጬ ግርማን ጠራሁት። "አንተ፣ ላባ ነው!" አለኝ። "ላባ እያበቀለ ነው! አሁን ብርታት ይፈልጋል፣ የተቀቀለ እንቁላል ትንሽ ትንሽ ስጠው።"

እናቴ ሰማች። "በሁዳዴ? በእኔ ቤት እንቁላል ሊቀቀል?"

"እማዬ፣ ለወፉ..."

"በእኔ ድስት አይሆንም!"

ተከራከርን። በመጨረሻ አጥር ላይ ቆማ ተጣራች። "ከድጃ! ኧረ ከድጃ! አንድ እንቁላል ቀቅይልኝ! ... ኧረ ለእኔ አይደለም፣ ምን ሆነሻል! ለዚያ ለጌታው ነው!" ታዲያ ሁዳዴን በሙሉ እንቁላሉ ከእትዬ ከድጃ ቤት በሰሃን ተከድኖ ይመጣል፣ እናቴም ሳትነካው በጣቷ ትጠቁመዋለች። "ይሄው፣ ብላ። አንተ ክርስትና አልተነሳህም፣ ምን ገዶህ።"

እና በዓሉ ሊደርስ ሲል አንድ ጧት አውሮፕላን ሲነሳ ብርጭቆው ተንጫጫ፣ ቁንጮ ከትከሻዬ ተነሳ። በረረ! ያ ወለል ለወለል የሚሄድ ወፍ! ሳሎኑን ዞረ፣ ቁምሳጥኑን አለፈ፣ የእናቴን ሻሽ ሊነካ ጥቂት ቀርቶት ዞሮ መጋረጃው ዘንግ ላይ አረፈ። ከዚያም አፏጨ። እኔ ቆሜ አለቀስኩ፣ ምን አሳፍሮኝ።

ፋሲካ ዕለት እናቴ "ጽጌን ጥራት" አለችኝ።

"ቢፈሩስ?"

"ጥራት አልኩህ!"

ሄድኩ። እትዬ ጽጌ በር ላይ አዩኝና ፊታቸው አመድ መሰለ። "እንዳትነግረኝ ብዬህ አልነበር?"

"እትዬ፣ ይምጡ ብቻ።"

"ሞቷል?"

"ይምጡ።"

እንዳያፍናቸው ቤት አላስገባናቸውም፤ ሰፊውን የሽቦ ቤት በረንዳው ላይ አውጥተን እሳቸውን ግቢው ውስጥ ራቅ አድርገን ወንበር ሰጠናቸው። አዩት። ደረቱ ሙሉ፣ ላባው የሚያብለጨልጭ፣ ቁንጮው የቆመ፣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የሚዘል ወፍ። ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

"ዘውዱ፣ ለምን ትዋሸኛለህ? ይሄ ሌላ ነው። የኔው ሞቶ ሌላ ገዝታችሁ ነው።"

"እትዬ! ከየት ይገዛል? በዚህ ከተማ..."

"የኔን ቁንጮ አላውቀውም? የኔ ቁንጮ ደረቱ የተላጠ ነው። የኔ ቁንጮ አይዘልም። ለእኔ ብላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፣ እግዜር ይስጣችሁ፣ ግን ልጅ አይደለሁም።"

እናቴ ማለች፣ ተገዘተች። እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው ለመሄድ ተነሱ። እኔ ምን ማስረጃ አለኝ? የደከምኩበት ሁሉ ራሱ ማስረጃዬን አጥፍቶታል! አድኜው አድኜው ሌላ አስመሰልኩት።

እሳቸው በሩ ጋ ሲደርሱ ታዲያ ከበረንዳው ላይ ሳል ተሰማ። ሁለት አጭር አጭር፣ አንድ ረጅም፣ ከዚያ "እህህ!"

ሁላችንም ቀጥ አልን። እኔ እትዬ ጽጌን አየሁ። እሳቸው አልሳሉም፤ ሳሉ ከለቀቃቸው ወራት አልፎታል። ዞር አሉ። ቁንጮ ሽቦው ላይ ተለጥፎ፣ አንገቱን አዘንብሎ እሳቸውን እያየ እንደገና ሳለ። እኛ ቤት በከረመበት ጊዜ ሁሉ አንድ ቀን እንዲህ ያለ ድምፅ አሰምቶ አያውቅም፣ በእግዚአብሔር ስም!

እትዬ ጽጌ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። "የኔ ነው" አሉ። "የኔ ሳል ነው። ቁንጮዬ!" እና ሳቃቸው መጣ፤ እንባቸው እየወረደ ወንበሩ ላይ ተመልሰው ዘፍ አሉ፣ ሲስቁ ትንፋሽ አላጠራቸውም፣ ይህን እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ያን ሁሉ ሳቅ ስቀው አንዴ አልሳሉም።

እናቴ ወገቧን ይዛ "አየሽ ጽጌ፣ አንቺ ድነሽ ሳልሽን ለእሱ አውርሰሽዋል!" አለቻት።

"ይሳልልኝ!" አሉ እትዬ ጽጌ። "ይሳልልኝ የኔ ጌታ፣ እኔ ጨርሻለሁ!"

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ከስብሰባ በኋላ ይመጣሉ፣ ግቢው ውስጥ ይቀመጣሉ፣ እሱ ይስላል፣ እሳቸው "ይማርህ" ይሉታል። ደርግ ወድቆም ያ ወፍ ነበረ፣ ሲስል ነበር።

ምነው? ምን ትስቃለህ አንተ?

"ጋሼ፣ እስከ እንቁላሉ ድረስ አምኜዎት ነበር። ሳሏን ግን እርስዎ ነዎት የጨመሯት።"

እኔማ! እኔም ራሴን ስጠራጠር ኖሬ፣ ዕድሜዬ ገፍቶ የወፎችን ነገር ያጠና አንድ ሰው ባገኝ መጀመሪያ የጠየቅኩት ይህንኑ ነው። ወፍ የሰው ሳል ይቀዳል ወይ አልኩት። "ይቀዳል" አለኝ፣ "በተለይ ወንዱ፤ አብሮት የኖረውን ሰው ድምፅ ይቀዳል፣ ሳልም ቢሆን።" እንደገና ጠየቅኩት፤ እንደገና "ይቀዳል" አለኝ።